ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትና የቤተ ሰባቸው ጋዜጣ

ጋዜጣ ሲባል ለብዙ ሰው በሐሳቡ የሚታየው ትልቅ ሕንፃ፣ የሚጮኽ የማተሚያ መኪና፣ ብዙ ጸሐፊና ብዙ ገንዘብ ነው። ጋዜጣ ማቋቋም የመንግሥት ሥራ ብቻ የሚመስለውም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የጋዜጦችን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ የመረመረ ሰው ከብዙዎቹ በስተ ጀርባ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተ ሰብ ቆሞ ያገኛል። በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ያቋቋመው አንድሬያስ ካቫዲያስ የሚባል በአዲስ አበባ የሚኖር የግሪክ ነጋዴ ነበር፤ ጋዜጣውም በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰዎች ይታደል ነበር።

እኔ በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ልጽፍ ያሰብሁት ግን ከአገራችን ውጭ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ተቋቁሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ለኢትዮጵያ ስለ ተከራከረ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣና ጋዜጣውን ስላቋቋሙት ስለ ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ሕይወት ነው። ስማቸውን የማያውቅ አንባቢ ብዙ አይኖርም፤ በአዲስ አበባም በስማቸው የተጠራ መንገድ አለ። ነገር ግን ስማቸውን እያወቅን ሥራቸውን ሳናውቅ እንዳንቀር፣ በተለይም አንዲት ሴት ገንዘብና ሥልጣን ሳይኖራቸው ምን ለማድረግ እንደ ቻሉ እንድንመለከት ታሪካቸውን ባጭሩ አቀርባለሁ። የአውሮፓን አቆጣጠር ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ ዓ.ም. ያልሁት የአገራችን አቆጣጠር ነው።

ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በሜይ 5 ቀን 1882 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። ይህችን ቀን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ወደ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ትመጣለችና። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የሕግ ዐዋቂ ነበሩ። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙና ያገቡ ሴቶች በንብረታቸው ራሳቸው እንዲያዙበት የሚጠይቁ የሕግ ረቂቆችን ያዘጋጁ፣ ለድኻም የሚሟገቱ ሰው ስለ ነበሩ ከሙያቸው ብዙ ሀብት አላገኙበትም። እ.ኤ.አ. በ1898 በድንገት ሲሞቱ ሲልቪያ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለቤተ ሰቡ የቀረው ውርስ ዕዳ ነበረ፤ እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊንም የሚወለደውንና የሚሞተውን ሰው በመዝገብ የሚጽፍ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ልጆቻቸውን ማሳደግ ጀመሩ።

ሲልቪያ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሥዕል ተሰጥዎ ነበራቸው። በማንቸስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ተምረው ሽልማት በማግኘታቸው ወደ ቬኒስ ተላኩ፤ ከዚያም ሲመለሱ በለንደን በሚገኘው በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር እየተዘዋወሩ በጫማ ፋብሪካ፣ በሸክላ ሥራ ቤትና በሰንሰለት መሥሪያ ቤት የሚደክሙትን ሴቶች ሥዕል ሣሉ። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬም አሉ። ሰዓሊ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ ኑሯቸው የተደላደለ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን የሚሥሏቸው ሴቶች በአገራቸው ጉዳይ ድምፅ እንደሌላቸው ስላዩ ብሩሹን እያቆዩ ብዕሩን ያነሡ ጀመር፤ በመጨረሻም የሥዕልን ሥራ ፈጽመው ተዉት።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሴቶች የፓርላማ አባሎችን መምረጥ አይፈቀድላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊን በቤታቸው ውስጥ ለሴቶች መብት የሚታገል ማኅበር አቋቋሙ፤ ታላቅ እኅታቸው ክሪስታቤልም የማኅበሩ መሪ ሆኑ። ሲልቪያ ከ1906 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ታሰሩ። በወህኒ ቤት ምግብ አልበላም፣ ውሃ አልጠጣም፣ አልተኛም እያሉ ስለ ተቃወሙ በ1913 ጠባቂዎቹ ይዘዋቸው በጉሮሯቸው የላስቲክ ቱቦ እያስገቡ በግድ ይመግቧቸው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ሕግ ደግሞ እስረኛዋ በረኀብ ስትደክም እንድትፈታ፣ ስትበረታ ተመልሳ እንድትያዝ ያዝዝ ስለ ነበር ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ጠራው።

ከዚህ ላይ ስለ ጋዜጣ የሚያስተምረን አንድ ነገር እናገኛለን። የፓንክረስት ቤተ ሰብ እናትና ልጆቹ በአንድ ዓላማ የተባበሩ ቢሆኑም በመንገዱ አልተስማሙም። ሲልቪያ በምሥራቅ ለንደን ከሚኖሩት ድኾች ሴቶች ጋር ሆነው ሥራ ስለ ጀመሩ እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ከእናታቸውና ከእኅታቸው ማኅበር ተለዩ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ግድም «ዘ ዉመንስ ድሬድኖት» የሚባል የራሳቸውን ጋዜጣ አወጡ። ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የእናትና የታላቅ እኅት ጋዜጣ ጦርነቱን ሲደግፍ የሲልቪያ ጋዜጣ ጦርነቱን ተቃወመ። ከአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች በሁለት ጋዜጣ ሁለት ነገር ተናገሩ ማለት ነው። ይህ ለቤተ ሰቡ ትልቅ ኀዘን ሆነ፤ ቁስሉም ሳይሽር ቀረ።

ሲልቪያ ግን ጽፈው ብቻ አልተቀመጡም። በጦርነቱ ዘመን ምግብ ሲወደድ ድኾች በመግዣው ዋጋ የሚበሉበት ምግብ ቤት ከፈቱ፤ የመጠጥ ቤት የነበረውንም ተከራይተው የእናቶችና የሕፃናት መታከሚያ አደረጉት። ጋዜጣቸው በ1917 «ዘ ዎርከርስ ድሬድኖት» ተብሎ ስሙን ለውጦ እስከ 1924 ድረስ ወጣ። በጋዜጣው ላይ በወጣ ጽሑፍ ምክንያት መንግሥት ከሰሳቸውና ስድስት ወር ተፈርዶባቸው እንደ ገና ታሰሩ። ጥቁር ሰው በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ መጻፍ ብርቅ በነበረበት በዚያ ጊዜ የጃማይካው ባለ ቅኔ ክሎድ ማኬይ የጋዜጣው ጸሐፊ ነበረ። በእንግሊዝ አገር ከ30 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴቶች በ1918፣ ሌሎቹም እንደ ወንዶች በእኩልነት በ1928 የመምረጥ መብት አገኙ።

ከዚህ በኋላ ሲልቪያ ከለንደን ዳር ወደሚገኝ ዉድፎርድ ወደሚባል ሰፈር ሄደው መኖር ጀመሩ። የኑሮ ጓደኛቸው ሲልቭዮ ኮርዮ ከአገራቸው ከኢጣልያ የተሰደዱ ጋዜጠኛና የማተሚያን ሥራ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 አንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ስሙንም በአያቱ ስም ሪቻርድ አሉት። የሻይ ቤት ከፍተው፣ መጽሐፍም እየጻፉ ይኖሩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ከብዙ እስራትና ድካም በኋላ በዚህ ያርፍ ነበር፤ እሳቸው ግን አላረፉም።

ፋሽስት ምን እንደ ሆነ ሲልቪያ ከብዙ እንግሊዞች ቀድመው ያወቁት በሁለት ምክንያት ነው። ፊተኛው እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ኢጣልያ ሄደው በነበረ ጊዜ የፋሽስቶችን ዱላ በዐይናቸው ስላዩ ነው። ሁለተኛውም ከኮርዮና ከሌሎች ስደተኞች በኢጣልያ ውስጥ የሚደረገውን ግፍ በየጊዜው ስለሚሰሙ ነው። በ1924 የፓርላማው አባል ማቴዎቲ ሙሶሊኒን ተቃውሞ ስለ ተናገረ በተገደለ ጊዜ ለሟቹ ሚስትና ልጆች ብዙ ጮኸዋል። ስለዚህ በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት በተሰማ ጊዜ ነገሩ የድንበር ጠብ እንዳይደለ፣ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሰበብ እንደሚፈልግ ወዲያው ገባቸው፤ ለጋዜጦችና ለሚኒስትሮችም ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ከቤታቸው አጠገብም የአየር ድብደባን የሚቃወም፣ በቦምብ መልክ ከድንጋይ የተጠረበ ሐውልት አቆሙ። የመጀመሪያው ሐውልት ተሰረቀ፤ እሳቸውም በ1936 እ.ኤ.አ. ሌላ ተኩበት። ሐውልቱ ዛሬም በስፍራው አለ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። በአውሮፕላን የሚረጨው የመርዝ ጢስ ሠራዊቱንና ባላገሩን፣ ከብቱንና ውሃውን አቃጠለ። የቀይ መስቀል ድንኳን ሳይቀር በቦምብ ተደበደበ። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ለማለት ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ያች ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1936 ነበረች። ሲልቪያ 54 ዓመት የሞላቸው በዚያች ዕለት ነው። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለው ጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም የያዘውም ይህንኑ ቀን ነው፤ የጋዜጣው ስም ባማርኛ አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ወሬ እንደ ማለት ነው። ሙሶሊኒ በሮም ሆኖ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ናት ብሎ ባወጀበት ጊዜ፣ የዓለም ጋዜጦችም የኢትዮጵያን ነገር እያጠፉ ወደ ሌላ ወሬ በሚዞሩበት ጊዜ፣ በለንደን ዳር ባለ አንድ ቤት ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጋዜጣ ተወለደ።

የጋዜጣው ቢሮ መኖሪያ ቤታቸው ነበረ። ሲልቪያ አዘጋጅ፣ ዋና ጸሐፊና የገንዘብ ለማኝ ነበሩ። ኮርዮ ጽሑፉን በገጽ ያሰናዱ፣ የፊደሉን መጠን ይመርጡ፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ይነጋገሩ ነበር፤ የኢጣልያንንም ጋዜጦች እያነበቡ ፋሽስቶች ለራሳቸው ሕዝብ የሚናገሩትን ውሸት ያወጡት ነበር። ሕፃኑ ሪቻርድ ያደገው በጋዜጣና በደብዳቤ ክምር መካከል ነው። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ማውጣት ቀላል ሥራ አልነበረም፤ እያንዳንዱ መሥመር ከቀለጠ እርሳስ በመኪና እየተሠራ ይደረደራል፣ የሙከራ ወረቀት ይወጣል፣ ስሕተቱ ይታረማል፣ ከዚያ በኋላ ይታተማል። ይህ ሁሉ በየሳምንቱ በተቀጠረው ቀን መድረስ አለበት። አንድ ሳምንት ቢያመልጥ ደንበኛው ይሸሻል፤ ጠላትም ደስ ይለዋል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ብዙ ማስታወቂያ የሚሰጣቸው ነጋዴ አልነበረም። የጋዜጣው ኑሮ የቆመው ከደንበኞች በሚከፈለው ጥቂት ዋጋና ኢትዮጵያን ከሚወዱ ሰዎች በሚላክ ስጦታ ነበር። በወንጌል ሁለት ሳንቲም የሰጠችው መበለት ከባለጸጎቹ ሁሉ ይልቅ አብልጣ እንደ ሰጠች ተጽፏል፤ የዚህም ጋዜጣ ታሪክ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። ጋዜጣው ከእንግሊዝ አገር አልፎ በምዕራብ አፍሪካና በካሪብያን ደሴቶች በሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ይነበብ ነበር፤ የዚያም አገር ጋዜጦች ወሬውን እየወሰዱ ያትሙት ነበር። ከጽሑፉም በአማርኛ የተተረጐመ እየተደረገ በስውር ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ ይሞከር ነበር።

በዚያን ጊዜ የእኛ አካባቢ ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። የአርባ ምንጭ ከተማ ገና አልተቈረቈረችም፤ በጋሞ ደጋ የታወቀችው ከተማ ጨንቻ ነበረች። ጠላት ኢትዮጵያን በግዛት ሲከፋፍል ደቡብ ምዕራቡን ከጅማ እንዲገዛ አደረገ፤ የእኛም አገር በዚያው ውስጥ ተቈጠረ። በጎረቤታችን በወላይታ ይኖሩ የነበሩት የውጭ አገር ሚስዮናውያንም እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገር ወጡ። ምስክር ሁሉ ከአገር ሲወጣ በየመንደሩ የሚደረገውን ማን ለዓለም ይናገር? የዚህ ጋዜጣ ዋጋ የሚታወቀው ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን ፈጁት። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተገደሉ፣ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ፤ የተማሩት ወጣቶችም እየተለቀሙ ተረሸኑ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ብዙ ጋዜጦች ነገሩን በጥቂት መሥመር ሲያልፉት የሲልቪያ ጋዜጣ ከስደተኞችና ካዩ ሰዎች የተገኘውን ምስክርነት ለብዙ ጊዜ እየተከታተለ አወጣ። ስለ መርዙ ጢስና ስለ ግድያው የተገኙትንም ፎቶግራፎች አተመ። ፎቶግራፍ ያየ ሰው ወሬው ሐሰት ነው ብሎ ለመመለስ ይቸግረዋል።

ከሁሉ ይልቅ የከበደው ጊዜ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት በኢጣልያ ላይ የጣሉትን የንግድ ማዕቀብ በ1936 እ.ኤ.አ. አነሡ። በ1938 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ብሎ በሕግ ዐወቀ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ፍርዱ ተፈርዷል፤ መዝገቡም ተዘግቷል። ታዲያ በየሳምንቱ አንድ ወሬ እየደጋገሙ ማተም ምን ይጠቅማል? ብዙ አስተዋይ ሰዎች ይህን ጠይቀዋቸው ይሆናል። የእሳቸው መልስ የሚቀጥለው ሳምንት እትም ነበር። እግዚአብሔርን የማይፈራና ሰውን የማያፍር ዳኛ የነበረበትን የወንጌል ምሳሌ የተማርን ሁሉ ይህ ነገር ይገባናል፤ ያች መበለት ያሸነፈችው ጉልበት ኖሯት አይደለም፤ ደጁን መጥናቷን ባለማቋረጧ ነው እንጂ።

በሌላም በኩል ሲልቪያ የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የሆኑት የዘውድ አፍቃሪ ሆነው አልነበረም። በፖለቲካ ሐሳባቸው ንጉሥ ይኑር የማይሉ ሰው ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ለንደን በደረሱ ጊዜም የምረዳዎ ንጉሥ ስለ ሆኑ ሳይሆን ጉዳይዎ እውነተኛ ስለ ሆነ ነው የሚል ሐሳባቸውን በግልጽ አስረድተዋቸዋል። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ብርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን ወር 1940 ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ሆና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ፣ ትናንት የተዘጋው መዝገብ በአንድ ቀን ተከፈተ። በየጫካው ለአምስት ዓመት የተዋጉት አርበኞች ከውጭ በመጣው ጦር ተረዱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ያች ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ገና ሜይ 5 ናት፤ የሲልቪያ 59ኛ፣ የጋዜጣውም አምስተኛ የልደት ቀን መሆኗ ነው። ድሉን ያመጣው የአርበኞች ደምና የጦር ኃይል ነው፤ ጋዜጣ ብቻውን አገር ነጻ አያወጣም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ስም በእነዚያ አምስት ዓመቶች ፈጽሞ እንዳይረሳ ጋዜጣው የድርሻውን ሠርቷል።

ጠላት ከወጣ በኋላ ጋዜጣው ይቆማል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። አሁን ደግሞ ሲልቪያ የገዛ አገራቸውን መንግሥት መቃወም ጀመሩ። የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት በኢትዮጵያ ላይ ሥልጣን አናስለቅቅም ሲሉ፣ ኦጋዴንንም ይዘው ሲቆዩ ጋዜጣው ነቀፋቸው። እንግሊዞች በምጽዋ ወደብ የነበረውን ዕቃና ሕንፃ እያፈረሱ መውሰዳቸውንም በጽሑፍ አጋለጡ። በ1936 ዓ.ም. መጨረሻና በ1937 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ጎበኙ፤ የንግሥተ ሳባ ኒሻንና አምስት ዘንባባ ያለበት የአርበኝነት ሜዳይ ተሸለሙ። በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ለሞቱት ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራም ለብዙ ዓመት ገንዘብ ሰበሰቡ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ።

በዚህ ላይ ጋዜጣው እንከን አልነበረበትም ማለት አይገባም። ታሪክን በሚዛን መመልከት ያስፈልጋል። ጋዜጣው የአንድ ወገን ጠበቃ ነበረ፤ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ወሬ አጣርቶ ለማወቅ አስቸጋሪ ስለ ነበረ አንዳንዱ የድል ወሬ ከእውነቱ በልጦ የታተመበት ጊዜ ነበር። ከድሉም በኋላ የኢትዮጵያን መንግሥት ማመስገን እንጂ ጉድለቱን መንገር አላዘወተረም። የኤርትራን ነገር በጻፈ ጊዜም ከኢትዮጵያ ጋር አንድ መሆን የሚፈልጉትን ሰዎች ድምፅ ከፍ አድርጎ ሲያሰማ ሌላውን ድምፅ ዝቅ አድርጎታል፤ የዚህ ጥያቄ ክብደት ግን ከዚያ ወዲህ ባለፈው ብዙ ደም ታይቷል። የቤተ ሰብ ጋዜጣ ብርታቱም ድካሙም ከዚህ ላይ ነው፤ ዝም በል ብሎ የሚያዘው ጌታ የለበትም፤ ነገር ግን ተሳስተሃል ብሎ የሚያርመው ባልንጀራም በቤቱ ውስጥ አያገኝም።

ሲልቭዮ ኮርዮ በ1946 ዓ.ም. ሞቱ። ጋዜጣውም ሃያ ዓመት ከሠራ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ቆመ። በዚያው ዓመት ሲልቪያ በ74 ዓመታቸው ቤታቸውን ትተው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ዱላ ይዞ ፀሐይ ይሞቃል፤ እሳቸው ግን ብዙ ወር ሳይቆዩ በ1949 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የሚባል ወርኃዊ መጽሔት አቋቋሙ። መጽሔቱ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሴቶች ኑሮ፣ ስለ ታሪክና ስለ ልማት የሚናገር ነበር። የሪቻርድ ሚስት ሪታም በሥራው ተጨመሩ። እንዲህ ሆኖ የቤተ ሰቡ ጋዜጣ አገር ለውጦ፣ ስም ለውጦ፣ በአዲስ አበባ ቀጠለ።

ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ቀኑ የመስቀል በዓል ነበረ። በእኛ በጋሞ አገር መስቀል የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው፤ በሸማ ሥራና በንግድ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላው አገር የተበተነው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት የሚሰበሰብበት፣ የተጣላውም የሚታረቅበት ነው። ሲልቪያም ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚገባበት ቀን፣ ቤቴ ብለው በመረጡት አገር ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በመንግሥት ክብር ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጸመ፤ ወለተ ክርስቶስ የሚል የክርስትና ስም ተሰጥቷቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ።

ከእሳቸው ሞት በኋላም ሥራው አልቆመም። ሪቻርድና ሪታ መጽሔቱን እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ዋዜማ ድረስ አወጡ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ ፋሽስቶች ወደ ሮም የወሰዱት የአክሱም ሐውልት እንዲመለስም ከሌሎች ጋር ብዙ ደከሙ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመለሰ። እሳቸውም በ2009 ዓ.ም. ሞተው በዚያው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ፤ ወይዘሮ ሪታ በ2011 ዓ.ም. ተከተሏቸው። ገና በልጅነቱ በጋዜጣ ክምር መካከል ያደገው ልጅ የእናቱን ሥራ በዕድሜው ሙሉ ቀጠለ ማለት ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ትምህርት ሲልቪያ ጀግና ነበሩ የሚለው ብቻ አይደለም። ጀግና ማድነቅ ቀላል ነው። ትልቁ ትምህርት እውነት በየሳምንቱ ካልተጻፈች የምትጠፋ መሆኗ ነው። የካቲት 12 ቀን የሞቱት ሰዎች ስም፣ የተቃጠለው ቤት፣ የተረጨው መርዝ ሁሉ ኃይለኞቹ እንዲረሳ የፈለጉት ነገር ነበር፤ እንዳይረሳ ያደረጉት ያዩትን የተናገሩ፣ የሰሙትን የጻፉ፣ የጻፉትንም ያተሙ ሰዎች ናቸው።

በጋሞ ደጋና ቆላ በእነዚያ አምስት ዓመቶች የሆነውን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬም በየመንደሩ አሉ። ማን እንደ ሸፈተ፣ ማን እንደ ተገደለ፣ የትኛው ገበያ እንደ ተዘጋ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ያወቁትን አብዛኛውን በወረቀት ላይ ያሰፈረው የለም። እነርሱ በየዓመቱ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ይህን ለመጻፍ ትልቅ ሕንፃና የማተሚያ መኪና አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ብዕርና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ከነቀኑና ከነስፍራው ለመጻፍ የሚተጋ ተማሪ ይበቃል። መምህሮቻችን መንገዱን ቢያሳዩን፣ ወላጆቻችንም አያቶቻችን ዘንድ ቢያደርሱን፣ በሚቀጥለው የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የሚወጣው ታሪክ የእነዚህ ሽማግሌዎች ታሪክ ሊሆን ይችላል።